የምሥራቹን መመዘን

ቦንጋ ላይ ስለ ጥሩ ሥራ የሚያወራ ሰው ከቡና ቀማሾች ቢነሳ አይፈረድበትም። ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚገባ ቡና ቀማሹ ፊት የሚቀርበው በባለቤቱ ስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ነው። ከአንዱ ናሙና አንድ ስኒ ብቻ ቀድቶ የሚፈርድ ቀማሽም የለም፤ ስኒዎቹ ተደርድረው ይቀመሳሉ፣ ከመካከላቸው አንዷ ከሌሎቹ ከወጣች ነጥቡ ይቀንሳል። የደም በሽታዎችን በሞለኪውላዊ ምርመራ መለየት በመማር ላይ ላሉ ወጣት የላብራቶሪ ባለሙያዎች የምመኝላቸው ይህንን ልማድ ነው። ምርመራው አዲስ፣ መሣሪያው ውድ፣ የውጤቱ ወረቀትም ያማረ ስለሆነ ሰው ሁሉ በቁጥሩ ላይ ብቻ ያፈጣል። ቁጥሩ የመጣበትን መንገድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ከማንኛውም ነጥብ በፊት ልብ እንዲባልልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በዚህ ሙያ የተበላሸ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ መልካም ዜና ይዞ ይመጣል። ናሙናው በመንገድ ላይ ከተበላሸ፣ የተጣራው አርኤንኤ ካነሰ፣ ኢንዛይሙ በሙቀት ከሞተ የሚወጣው ወረቀት «አልተገኘም» ይላል። ሐኪሙ ደስ ይለዋል፣ ታማሚውም እግዚአብሔርን አመስግኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ የደም ምርመራን ጥራት መመዘን የሚፈልግ ሰው ከክፉው ዜና ይልቅ የምሥራቹን አጥብቆ መመርመር አለበት።

ነገሩን በአንድ በሽታ ልያዘው። ሐኪሞች ሲኤምኤል የሚሉት ሥር የሰደደ የነጭ ደም ሕዋስ ካንሰር መንስኤው ከሥር እስከ ጫፍ ከተገለጠ ጥቂት ካንሰሮች አንዱ ነው። በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሃንገርፎርድ ፊላደልፊያ ውስጥ በታማሚዎች ሕዋስ ላይ ከወትሮው ያነሰች ክሮሞዞም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ ነገሩ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ተለዋውጠው እንደሆነ አሳዩ። በልውውጡ ቢሲአር የሚባለው ጂን ከኤቢኤል ጋር ይገጥማል፤ ከዚህ ግጥሚያ የሚወጣው ፕሮቲን ነጭ የደም ሕዋሳት ያለማቋረጥ እንዲባዙ ያደርጋል። በ2001 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደውና ብዙዎች ግሊቬክ በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቁት ኢማቲኒብ ይህንኑ ፕሮቲን ያፍናል። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚከታተሉ ታማሚዎች በማክስ ፋውንዴሽን በኩል በሚመጣ እርዳታ መድኃኒቱን በነፃ ሲወስዱ ዓመታት አልፈዋል። መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ እየሠራ ነው ወይ የሚለው ነው። የታማሚው መልክ ተመልሶ፣ ጣፊያው ገብቶ፣ የደም ቆጠራው ልክ ሆኖ ሳለ እንኳ በሰውነቱ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የታመሙ ሕዋሳት ሊኖሩ ይችላሉ። እነሱን የሚቆጥረው ሞለኪውላዊው ምርመራ ነው።

በካፋ ዞን የዚህ ታሪክ መጀመሪያ ብዙ ጊዜ ጣፊያ ነው። ከጎጀብ ሸለቆ ወይም ከዴቻ ቆላ ጣፊያው ያበጠ ሰው ሲመጣ በቅድሚያ ወባ ይታሰባል፤ መታሰቡም ተገቢ ነው። ወባው ታክሞ ጣፊያው አልገባ ሲል፣ የነጭ ደም ሕዋሱም ቁጥር ከመቶ ሺህ ሲያልፍ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሳል። ይህንን ጥያቄ የሚያነሳው ቦንጋ ገብረጻድቅ ሻዎ ጠቅላላ ሆስፒታልን በመሰለ ቦታ ያለ ሐኪምና የደም ስላይዱን በማይክሮስኮፕ ያየ ባለሙያ ነው። ናሙናው ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ቢላክም፣ የምርመራው ጥራት ግማሽ እዚያው ደሙ በተቀዳበት ክፍል ይወሰናል።

ስለ ናሙናው ሰፋ አድርጌ እናገራለሁ፣ ብዙ ሥልጠና እዚህ ላይ ስለሚቸኩል። ምርመራው የሚፈልገው አርኤንኤን ነው። አርኤንኤ ከዲኤንኤ ይልቅ በቶሎ ይበጣጠሳል፤ የሚበጣጥሱት ኢንዛይሞች በደሙ ውስጥ፣ በእጃችን ቆዳ ላይና በጠረጴዛው አቧራ ሁሉ አሉ። ደሙ የሚቀዳው ኢዲቲኤ ባለበት ባለ ሐምራዊ ክዳን ቱቦ ነው። ሄፓሪን ያለበት ባለ አረንጓዴ ክዳን ቱቦ ለሌላ ምርመራ ጥሩ ቢሆንም የሚፈለገውን ጂን የሚያባዛውን ሥራ፣ ፒሲአርን፣ ያደናቅፋል፤ መደናቀፉም «አልተገኘም» ሆኖ ይታያል። ቱቦው እንደተሞላ በእርጋታ እየተገለባበጠ መደባለቅ አለበት፣ አለዚያ ይረጋል። የረጋ ደም ውስጥ ነጭ ሕዋሳቱ ከጓጉላው ጋር ታስረው ይቀራሉ። ቱቦው በቀዝቃዛ ሳጥን ይሄዳል፤ ከበረዶው ጋር ተነካክቶ ራሱ በረዶ ከሆነ ግን ሕዋሳቱ ይፈነዳሉ። ቢቻል በአንድ ቀን፣ ካልሆነም በሦስት ቀን ውስጥ ሥራው መጀመር አለበት። ከቦንጋ አዲስ አበባ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። አርብ ከሰዓት በኋላ የተቀዳ ደም ቅዳሜና እሑድን በአንድ ቢሮ ጥግ ካሳለፈ ሰኞ የሚደርሰው ነገር ቀለሙ ደም ቢመስልም ለዚህ ምርመራ አይሆንም። ጥሩ ሆስፒታል ይህን ናሙና አርብ አይቀዳም።

አንድ ከሁሉም በላይ የኛ የሆነ ጉዳይ አለ፤ ሰዓትና ቀን። መላኪያ ቅጹ ላይ «3 ሰዓት» ተብሎ ሲጻፍ በኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጁ? ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። ወሩ በቁጥር ብቻ ሲጻፍ ደግሞ የኢትዮጵያውና የጎርጎርዮሳዊው ይምታታል፤ የሦስተኛ ወር ክትትል የሌላ ወር ሊሆን ነው። የአንድን ላብራቶሪ ጥንቃቄ በአንድ እይታ ማወቅ ከፈለጉ የናሙና መቀበያ መዝገቡን ይዩ። ደሙ የተቀዳበት ሰዓት፣ የደረሰበት ሰዓት፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ፣ ሲደርስ ምን ዓይነት ይዞታ ላይ እንደነበር ሁሉ መኖር አለበት። ከዚያ አይሆኑም ተብለው የተመለሱ ናሙናዎችን ገጽ ይዩ። ገጹ ባዶ ከሆነ የሚመጣው ናሙና ሁሉ ንጹሕ ነው ብዬ አላምንም፤ የሚመልስ ሰው የለም ማለት ነው። አንድን ናሙና «ለምርመራ አይሆንም፣ እንደገና ይቀዳ» ብሎ መመለስ ከባድ ነው። ታማሚው ምናልባት ከአዲዮ ወይም ከጨና ተነስቶ፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ተበድሮ የመጣ ነው። ቢሆንም የተበላሸውን ናሙና አዝኖ መቀበል እሱን መጉዳት ነው፤ ለሐኪሙ ወዲያው ስልክ ደውሎ ማስረዳት፣ ታማሚው ከከተማው ሳይወጣ እንዲደርሱበት ማድረግ ደግሞ እሱን መርዳት ነው።

ወደ ሥራው ክፍል እንግባ። ፒሲአር ከጥቂት ቅጂ ቢሊዮኖችን ያወጣል፤ ያ ኃይሉ ጠላቱም ነው። ከትናንት ሥራ የተረፈች የማትታይ ጠብታ ለዛሬው ናሙና በሽታ ትሰጠዋለች። ስለዚህ ሪኤጀንቱ የሚደባለቅበት፣ አርኤንኤው የሚጣራበትና የተባዛው ነገር የሚነበብበት ቦታ ይለያያሉ፤ ሰውም ዕቃም የሚሄደው ከንጹሑ ወደ ተባዛው ብቻ ነው። ጋውኑ፣ ፒፔቱ፣ እስክሪብቶው ሳይቀር የየክፍሉ ነው። ክፍል ያነሰው ላብራቶሪ ሥራውን በሰዓት ሊለየው ይችላል፣ ጠዋት ንጹሑን፣ ከሰዓት በኋላ ሌላውን። በሰዓት ለይቶ መመለስ የሌለበት ሥርዓት ከተጠበቀ ጥሩ ሥራ ይወጣል። እጅን ማየትም ያስተምራል። ጎበዝ ባለሙያ ሁለት ቱቦ በአንድ ጊዜ አይከፍትም፣ የፒፔቱን ጫፍ እያየ ይቀዳል፣ ከመቅዳቱ በፊት ይደባልቃል፣ ከተባዛ በኋላ ቱቦውን ፈጽሞ አይከፍትም። መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ማሽኑ መሐል ላይ ከቆመ ያንን ሥራ ከመጀመሪያው ይጀምረዋል።

የእጅን እውነተኛ ደረጃ የሚገልጠው ግን የማቅጠን ፈተና ነው። ብዛቱ ከታወቀ ቅጂ ተነስቶ አሥር እጥፍ፣ ከዚያ መቶ፣ ሺህ፣ አሥር ሺህ እጥፍ ማቅጠን፤ እያንዳንዱን በድግግሞሽ ማስኬድ። ማሽኑ ቅጂው ሲባዛ የሚታየው ብርሃን ከመለኪያው መስመር የወጣበትን ዙር ይነግረናል። በየዙሩ ቅጂው በትክክል እጥፍ ከሆነ፣ በአንዱና አሥር እጥፍ በቀጠነው መካከል 3.3 ዙር ያህል ልዩነት ይኖራል። ነጥቦቹ በመስመር ሲያያዙ የመስመሩ ዘንበልታ ከ−3.32 አጠገብ መውደቅ አለበት፤ ከ−3.1 እስከ −3.6 ያለው በተለምዶ ተቀባይነት አለው። ይህንን ቁጥር ማንም ከመጽሐፍ ይሸመድደዋል። ባለሙያን የሚለየው መስመሩ ሲበላሽ የተበላሸበትን ቦታ ማንበቡ ነው። በወፍራሞቹ ናሙናዎች መካከል ልዩነቱ ከጠበበ፣ ከናሙናው ጋር የመጣ አንዳች ነገር ኢንዛይሙን እያፈነ ነው፤ ሲቀጥን አፋኙም ስለሚቀጥን ከታች ያሉት ይስተካከላሉ። ከላይ ያሉት ደህና ሆነው በቀጫጭኖቹ መካከል ከጠበበ ግን ከውጭ የገባ ብክለት ይጠረጠራል። ርቀቱ አንዴ ሰፍቶ አንዴ ከጠበበ ጉዳዩ የፒፔት ነው፣ ወይ የዕቃው ወይ የእጁ።

እዚሁ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገር። ድግግሞሾች ሁልጊዜ መስማማት አለባቸው ብለን እናምናለን። ብዙ ቅጂ ባለበት እውነት ነው። በአንድ ቱቦ በአማካይ ሦስት ቅጂ ብቻ ሲደርስ ግን በዕድል ሕግ ከመቶ ቱቦ አምስቱ ምንም አይደርሳቸውም፤ በአማካይ አንድ ሲሆን ደግሞ ከመቶ ወደ 37 የሚሆኑት ባዶ ይቀራሉ። ስለዚህ በምርመራው ጠርዝ ላይ እጁ የተዋጣለት ሰው እንኳ አንዱ ቱቦ በራ፣ ሌላው አልበራ ይለዋል። በዚያ ጠርዝ ላይ ሁሉም ቱቦ አንድ ላይ በሚያምር ስምምነት ከበራ ከመደነቅ በፊት ባዶውን ኮንትሮል፣ ማለትም ምንም ናሙና ያልገባበትን ቱቦ፣ ማየት ይሻላል። እሱ ዝም ብሎ ተኝቶ መቅረት አለበት። ኩርባዎቹንም በዓይን ማየት ግዴታ ነው። እውነተኛ መባዛት ከተኛበት ተነስቶ ሽቅብ ይምዘገዘግና ጫፍ ሲደርስ ይረጋል፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ በዝግታ እየተንጋደደ የሚወጣ ቀጥ ያለ መስመር ማሽኑ ቁጥር ቢሰጠውም መባዛት አይደለም። መለኪያውን መስመር ውጤቱ እንዲያምር ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅስ ሰው ካዩ የሚያወጣውን ወረቀት ሁሉ ይጠራጠሩ።

አሁን ወደ ምሥራቹ እንመለስ። የሲኤምኤል ክትትል ውጤት ክፍልፋይ ነው፤ ከላይ የቢሲአር-ኤቢኤል ቅጂ፣ ከታች የማነጻጸሪያው ጂን የኤቢኤል ቅጂ። ሰው የሚያየው የላይኛውን ነው። የላብራቶሪው ብቃት ያለው ታች ነው። ኤቢኤል 64,000 ቅጂ፣ ቢሲአር-ኤቢኤል 32 ቅጂ ከተገኘ ጥምርታው 0.05 በመቶ ነው፤ ይህ ታማኝ ቁጥር ነው። ሌላ ናሙና ደግሞ ቢሲአር-ኤቢኤል ዜሮ፣ ኤቢኤል 1,200 ብሎ መጣ እንበል። ወረቀቱ «አልተገኘም» ይላል፣ ከ0.05ም የተሻለ ይመስላል። አንድ ቅጂ ብትገኝ ኖሮ ግን 0.083 በመቶ ይሆን ነበር፤ ከዚያ በታች ያለውን ይህ ናሙና ማየት አይችልም። የመጀመሪያው ታማሚ የሚታወቅ ነው፣ ሁለተኛው ገና አልተመረመረም። ለዚህ ነው በዓለም አቀፍ ስምምነት ቢያንስ 10,000 የኤቢኤል ቅጂ የሚጠየቀው፤ በጣም ጥልቅ የሆነውንና 0.0032 በመቶ ላይ የተሰመረውን ምላሽ ለመመስከር ደግሞ 32,000 ያስፈልጋል። አንድ ሲካፈል ለ32,000 ያንኑ ቁጥር ያህል ይሰጣል፤ ከየት እንደመጣ የገባው ተማሪ ሌላውን አይረሳም። የኤቢኤልን ብዛት ወይም ምርመራው ያየበትን ጥልቀት የማይጽፍ ላብራቶሪ «አልተገኘም» ሊል አይገባውም ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2010 የሳንባ ነቀርሳን ለመለየት የመከረው ጂንኤክስፐርት ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎቻችን አለ። በዚያው ማሽን፣ ካርትሪጁ ብቻ ተለውጦ፣ ቢሲአር-ኤቢኤልም ይለካል፤ 4 ሚሊ ሊትር ደም ይበቃዋል፣ ውጤቱም ሰዓታት እንጂ ቀናት አይፈልግም። ይህ ለሀገራችን ታላቅ ዕድል ነው። ማጣራቱም ማባዛቱም ታሽጎ ስለሚካሄድ የእጅ ስሕተትና ብክለት ይቀንሳል። ነገር ግን ማሽኑ የተሰጠውን ደም ብቻ ነው የሚያውቀው። ነጭ ሕዋሱ እጅግ የበዛ አዲስ ታማሚ ደም ካርትሪጁን ሊያንቀው ይችላል፤ ሠልጣኙ ከማስገባቱ በፊት የነጭ ሕዋስ ቆጠራውን አይቶ መመሪያው እንደሚለው መጠኑን መቀነስ አለበት። የማነጻጸሪያው ጂን ከሚፈለገው ክልል ከወጣ ማሽኑ «ኢንቫሊድ» ይላል። ይህንን እንደ ውድቀት ቆጥሮ የሚያፍር ባለሙያ አለ። እኔ ከብዙ ንጹሕ «አልተገኘም» ይልቅ ይህን አምነዋለሁ፣ ምክንያቱም ናሙናው እንዳልበቃ በግልጽ ይናገራልና።

ሌላው ወጥመድ የግጥሚያው ዓይነት ነው። ቢሲአር የሚቆረጥበት ቦታ ከሰው ሰው ይለያያል። አብዛኞቹ የሲኤምኤል ታማሚዎች ፒ210 የሚባለውን ፕሮቲን የሚሰጡ ሁለት ዓይነት ግጥሚያዎች አሏቸው፤ የተለመደው ካርትሪጅም የሚፈልገው እነሱን ነው። ፒ190 ወይም ፒ230 የያዘውን ጥቂት ሰው አያየውም። ስለዚህ ጣፊያው ያበጠ፣ ነጭ ሕዋሱ 200,000 የደረሰ፣ በስላይዱ ላይ ባዞፊል የበዛበት ሰው «አልተገኘም» ተብሎ ሲመጣ ጥሩ ተርጓሚ በሽታውን አይሰርዝም። «ይህ ምርመራ ፒ210ን ብቻ ይመለከታል፤ ጥርጣሬው ከጸና ሌሎቹን ግጥሚያዎች የሚለይ ምርመራ ወይም የክሮሞዞም ምርመራ ይደረግ» ብሎ ይጽፋል። መጀመሪያ ላይ የግጥሚያው ዓይነት ተለይቶ ካልተመዘገበ፣ ከዓመት በኋላ የሚመጣው «አልተገኘም» የመድኃኒቱ ድል ይሁን የምርመራው ዕውርነት አይታወቅም።

ትርጓሜ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ቁጥሩ በዓለም አቀፉ ሚዛን መገለጹን በቅድሚያ ይዩ፤ የአንዱን ላብራቶሪ ጥሬ ጥምርታ ከሌላው ጋር ማወዳደር በሁለት የተለያየ ቁና የተሰፈረ እህል እንደማወዳደር ስለሆነ ታማሚውን በተቻለ መጠን በአንድ ላብራቶሪ መከታተል ይበጃል። በ2020 የወጣው የአውሮፓ የሉኪሚያ ኔትወርክ ምክር መንገዱን አስምሯል፦ በ3ኛው ወር 10 በመቶ ወይም ከዚያ በታች፣ በ6ኛው 1 በመቶ፣ በ12ኛው 0.1 በመቶ። እነዚህ ቁጥሮች እርስ በርስ የሚበላለጡት በአሥር እጥፍ ነው፣ የሚነበቡትም እንደዚያው ነው። ውጤቱ ከ0.04 ወደ 0.07 የወጣ ታማሚ በሽታው «እጥፍ ሆነ» ተብሎ ቢነገረው እንቅልፍ ያጣል፤ እንዲህ ያለው ልዩነት ግን በዚያ ዝቅተኛ ክልል ከምርመራው ተፈጥሯዊ መዋዠቅ አይወጣም። ከ0.04 ወደ 0.6 ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ አሥር እጥፍ አልፏል፣ ከ0.1 መስመርም ወጥቷል። ያኔም መጀመሪያ የሚደረገው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ናሙናውን ደግሞ ማየት ነው።

ከድግግሞሹ ጎን ደግሞ ወደ ታማሚው መመለስ አለ። ኢማቲኒብ ከምግብና ከብዙ ውኃ ጋር የሚወሰድ እንክብል ነው። በዐቢይ ጾም እስከ ከሰዓት በኋላ የሚጾም ሰው ጠዋት ጠዋት ሲወስድ የነበረውን መድኃኒት ምን አደረገው? ረመዳን ላይስ? ጸበል የገባ ሰው እንክብሉን አቁሟል? መንገድ ተዘግቶ ወይም ገንዘብ አጥቶ የአንድ ወር ቀጠሮ አልፎታል? ሐኪሙ ይህንን «እናቴ፣ በጾሙ ጊዜ መድኃኒቱን እንዴት አደረጉት?» ብሎ ሳይቆጣ መጠየቅ ይችላል፤ ማታ ከእራት ጋር እንዲወሰድ ተደርጎ ብዙ ነገር ይስተካከላል። መድኃኒቱ በትክክል እየተወሰደ ቁጥሩ ካሻቀበ የኤቢኤልን የለውጥ ምርመራ መጠየቅ ይገባል። ቲ315አይ የተባለው ለውጥ ከተገኘ ኢማቲኒብም፣ ዳሳቲኒብም፣ ኒሎቲኒብም አይሠሩበትም፤ መጠን መጨመር ጊዜ ማጥፋት ብቻ ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ቁጥር ሲያወጣ ለሐኪሙ ሁለቱን ጥያቄዎች በዚሁ ቅደም ተከተል የሚያስታውስ ላብራቶሪ ሥራውን ያውቃል።

ስለ ሌሎቹ ምርመራዎች ባጭሩ። ቀይ ደም የበዛበት ሰው በጃክ2 ጂን ላይ በ2005 የታወቀው ቪ617ኤፍ የተባለ ለውጥ ይፈለግበታል፤ ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ካለባቸው ከመቶ ወደ 95 የሚሆኑት ይህ ለውጥ አላቸው፣ ከቀሩት አብዛኞቹ ደግሞ በዚያው ጂን ኤክሶን 12 ላይ። እኛ ዘንድ የሚቀናን ሰበብ «ደጋ ስለሚኖር ነው» ማለት ነው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባሳተሙት ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወንዶች አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9 ነበር፤ ይህ በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው የሚጠበቅ ነው። በባሌ ከፍታ ላይ የሚኖሩ ኦሮሞዎች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ ከፍ ያለ መጠን አሳይቷል፤ ስለዚህ አንዱን ለሁሉም ማልበስ አይገባም። ቦንጋ ከ3,530 ሜትሩ ግማሽ ያህል ላይ ናት። እዚህ ሄሞግሎቢኑ 18 ሆኖ የተገኘ ገበሬ በተራራ አይመካኝም። ሲመረመርም ለውጡ ያለበት ጂን ከመቶ ስንት እንደሆነ መጻፍ አለበት፤ እጅግ ጥቂት የሆነ ቪ617ኤፍ በጤነኛ ሰው ደምም ይገኛልና።

ጂ6ፒዲ ለካፋ ቆላ ይበልጥ ቅርብ ነው። ቫይቫክስ የተባለው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ስለሚያገረሽ ለ14 ቀን ፕሪማኩዊን ይሰጣል፤ የጂ6ፒዲ ኢንዛይም ጉድለት ያለበት ሰው ግን ይህን ሲወስድ ቀይ ሕዋሱ ይፈርሳል። በጂኑ ላይ 376 በሚባለው ቦታ ያለው ለውጥ ብቻውን ኢንዛይሙን እምብዛም አይጎዳም። አፍሪካ ውስጥ የታወቀውን ጉድለት የሚያመጣው 202ኛው ቦታ አብሮ ሲለወጥ ነው። ጋምቤላ ላይ በተሠራ ጥናት ከተመረመሩት መካከል የ376 ለውጥ ሲገኝ የ202 አልተገኘም። እንግዲህ 376ን ብቻ አይቶ «ጉድለት አለበት» የሚል ወረቀት የሚያወጣ ላብራቶሪ ለሰውየው የሚገባውን መድኃኒት ይከለክለዋል። ሴቶች ላይ ደግሞ ጂኑ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ስለሆነ አንዱ ቅጂ ደህና ሌላው ጎዶሎ ሲሆን የኢንዛይሙ መጠን ከጂኑ ብቻ አይታወቅም፤ ኢንዛይሙ ራሱ መለካት አለበት። እዚህ ላይ ቀላሉ ምርመራ ከሞለኪውላዊው ይልቃል፣ ጥሩ ባለሙያም ይህን ለማለት አያፍርም።

ሥልጠና የሚመርጥ ሰው ምን ይጠይቅ? ሠልጣኙ ማንነታቸው የተሸሸገ ናሙናዎች ይሰጡታል ወይ? ከመካከላቸው አንዱ ሆን ተብሎ የተበላሸ ነው ወይ? ሁሉንም በትክክል «አለ» እና «የለም» ብሎ የለየ ተማሪ ጎበዝ ነው፤ የተበላሸውን ናሙና «በዚህ ላይ መናገር አልችልም» ብሎ የመለሰው ግን ሥራውን ለመጀመር ደርሷል። የማቅጠኑን መስመር በራሱ እጅ ሠርቷል? ያረጁና የተበላሹ ኩርባዎችን እያየ ምክንያታቸውን ተናግሯል? ላብራቶሪ የሚመርጥ ደግሞ አይሶ 15189 ዕውቅና አለው ሲባል አይብቃው። ዕውቅና የሚሰጠው በየምርመራው ነው፤ ለስኳርና ለኩላሊት ምርመራ የተሰጠው ለፒሲአር አይሠራም። ዝርዝሩን ማየት፣ ከውጭ በሚመጣ የጥራት ምዘና ላይ ያገኘውን ውጤት መጠየቅ፣ ስሕተት በተገኘበት ጊዜ ምን እንዳስተካከለ መስማት ይገባል።

በመጨረሻ ወረቀቱ። ቦንጋ ላይ ላለ ሐኪም የሚደርስ ጥሩ ውጤት እንዲህ ይነበባል፦ ደሙ የተቀዳበትና ሥራው የተጀመረበት ቀንና ሰዓት፤ ቢሲአር-ኤቢኤል ፒ210፣ በዓለም አቀፉ ሚዛን 0.6 በመቶ፤ ኤቢኤል 41,000 ቅጂ፣ ናሙናው በቂ ነው፤ ከስድስት ወር በፊት እዚሁ 0.04 ነበር፤ ጭማሪው ከምርመራው መዋዠቅ ይበልጣል፤ መድኃኒቱ በትክክል መወሰዱ ይጣራ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ አዲስ ናሙና ይላክ፣ ከጸና ለለውጥ ምርመራ የሚሆን ደም ይቀዳ። ከሥሩም የፈረመው ባለሙያ ስምና ሐኪሙ ሊደውልበት የሚችል፣ ሲደወልም የሚነሳ ስልክ።